ወፍጮ ዘንበል አይልም፦ በኦራል ከቢቸና እስከ ሾላ አፋፍ

«ጎማው ተገኝቷል። ኦራሏን ይዘህ ና። ልጅቱንም አምጣት፤ አክስቷ ናፍቃታለች።»

የአባዬ ስልክ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ፣ ግቢ ውስጥ አንሶላ እያሰጣሁ ሁሉንም ሰማሁ። የደወሉት ሞጣ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ደምሰው ናቸው። «ጎማው ተገኝቷል» የሚለው የአባዬ ደስታ ነው፤ «ልጅቱንም አምጣት» የሚለው የእኔ። አንሶላው ከእጄ አምልጦ ጭቃ ላይ ወደቀ። እየዘፈንኩ እንደገና አጠብኩት። እናቴ አንድ አንሶላ ሁለቴ አጥቦ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይታ እንደማታውቅ ተናገረች።

ፈተና ጨርሰን ነበር። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ ደግሞ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ያምረኛል። ስለዚህ ይህን ጉዞ ከተመለስኩ በኋላ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። ብዙዎቻችሁ ሾላ አፋፍን ረግጣችሁ አታውቁም። ስለ መኪና እግር ማንበብም አስባችሁ አታውቁ ይሆናል። ግድ የለም፣ እኔም አስቤ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ኦራሏን ላስተዋውቃችሁ። ኦራል የምንለው ድሮ ወታደር ሲያመላልስ የኖረ፣ ባለ ስድስት እግር፣ አፍንጫው ረጅም የጭነት መኪና ነው። የእኛዋ ከጦር ሠራዊቱ ከወጣች በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ አባዬ ጋ ደረሰች። አባዬ ሰማያዊ ቀለም ቀባት፤ የተጫረችበት ቦታ ሁሉ ግን አረንጓዴው ብቅ ይላል። በእድሜ እኔን ብቻ ሳይሆን እናቴንም ሳትበልጥ አትቀርም። ሥራዋ ቢቸና ገበያ የተሸመተ ጤፍ ማመላለስ ነው። ሞተሯ ደህና ነው፤ የደከመው እግሯ ነበር። ጎማዎቿ ተልጠዋል፣ ባሌስትራዋም ሰልችቶታል። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሥር እንደ ቀስት ጎብጦ በንብርብር የሚታሰረው ብረት ነው፤ ጭነቱንም የመንገዱን ጉብታም የሚችለው እሱ ነው።

ጉዳዩ ግን የጤፍ አልነበረም። የአባዬ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ያለችበት የሾላ አፋፍ የሴቶች ማኅበር የእህል ወፍጮ አግኝቷል። ወፍጮው ሞጣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ተቀምጦ ነበር። የወፍጮው ቤት በደቦ ተሠርቶ፣ ጣሪያው ተመቶ፣ በሩ ሁሉ ተገጥሞ አልቋል፤ ወፍጮው ብቻ ነው የቀረው። ወደ ሾላ አፋፍ በሚያስገባው መንገድ ላይ ዘመሜ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ መንገዱ ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ፣ የተጋደለ ነው። ዘመሜን ያየ ሹፌር ሁሉ ወፍጮውን አልጭንም ብሎ ይመለሳል። ነጋዴው ደግሞ ክረምቱ ሳይጠና ካላነሣችሁት ለሚፈልገው ለሌላ ቀበሌ እሰጠዋለሁ ብሏል። ያ ከሆነ የአክስቴ ቀበሌ ሴቶች እንደ እስከ ዛሬው በአህያ ሞጣ ድረስ ማስፈጨታቸውን ይቀጥላሉ፤ የተሠራውም ቤት የፍየል ማደሪያ ይሆናል። አባዬ እኔ አስገባዋለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ስለዚህ ኦራሏ ምን ዓይነት ጎማና ምን ዓይነት ባሌስትራ ይሁንላት የሚለው ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ሰኞ

ከቢቸና የተነሣነው ጠዋት ነው። እናቴ የሰኔ ጾም ስለሆነ በሶና ዳቦ ቆሎ አስያዘችን፣ እኔን ደግሞ ጋቢና ውስጥ እግሬን እንዳልሰቅል አስጠነቀቀችኝ። መናኸሪያው አጠገብ የባጃጅ ሹፌሮች አባዬን «ጦርነቱ የት ነው?» ብለው አሾፉበት። አባዬ ሁልጊዜ እንደሚለው፣ «እናንተን ከጭቃ ሳወጣ ትጠይቁኝ የለ» አለ። እውነቱን ነው፤ በክረምት የቢቸና ጥቁር አፈር ባጃጅ ሲይዝ አይለቅም።

ጋቢናው ውስጥ ደስታዬ ብዙ ነበር፣ ምቾቴ ግን ትንሽ። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ማዳበሪያ ተነጥፎበታል፤ ከሥሩ አንድ ሽቦ እያንዳንዱን ጉድጓድ ይነግረኛል። ሚኒባሶቹ ሁሉ እያለፉን ሄዱ። ደብረ ወርቅ ምሳ በላን። ሽሮው ከእኛ ቤት ሽሮ ይቀጥናል፣ ቃሪያው ግን ያስለቅሳል። አባዬ የሰው ከተማ ሽሮ አይታማም ብሎ ሁለተኛ አዘዘ።

ግንደወይን ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ድምፁ በሬዎችን አስደነበረ፤ የሚያርሱት ሰዎች ሞፈር ቀንበራቸውን ትተው መጡ። ክሪኩን ከሥር ሲያደርጉት መሬቱ ረጥቦ ስለነበር መኪናዋ መነሣቷ ቀርቶ ክሪኩ ይሰምጥ ጀመር። ድንጋይ አደረጉ፣ ድንጋዩም ሰመጠ። ይህን ጊዜ መንገድ ዳር ቤት ያላቸው አንዲት እናት ምንም ሳይናገሩ ገብተው የቤታቸውን በር አውልቀው ይዘው መጡ። በር ነው የምላችሁ። መሬት ላይ አስተኙት፣ ክሪኩ በሩ ላይ ቆመ፣ ኦራሏም ተነሣች። ጎማው ተቀይሮ ስናይ ግን በሩ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። አባዬ አፍሮ ስንጥቁን በእጁ ሊገጥም ሞከረ። እሳቸው፣ «በር ለጅብ ነው፤ ጅቡም ገና አልመጣ» ብለው እኛኑ አጽናኑን፤ ቆሎም ዘግነው ሰጡን። እኛ ሰፈር በሩን ለመንገደኛ የሚያውስ ሰው ስለመኖሩ እየተከራከርን ሞጣ ገባን። አባዬ አለ ይላል። እኔ እንጃ።

ጋሽ ደምሰው ቤት አደርን። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ እግርሽን ካላጠብኩ ብለው ያዙኝ፤ እኔ እያፈርኩ እሳቸው እየሳቁ ታጠብኩ። ውኃው እንደ ከሰል ጠቆረ። «የቢቸናን መሬት ይዘሽው መጣሽ እንዴ?» አሉኝ። የሞጣ ጭቃ ቀይ ነው። በማግስቱ የእኔም እግር በእሱ ቀላ፤ ያን ማታ ግን ማን ያጥበው ብለን አልተከራከርንም።

ማክሰኞ

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጎማ ተደርድሮ ጠበቀን። አንዱ ጋሽ ደምሰው ከተፈታች ሌላ ኦራል ያገኙት ሰፊው የጦር ጎማ ነው፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል፣ ጥርሱ መዳፌን ያህላል። ሌላው ማንኛውም የጭነት መኪና የሚያደርገው ተራ ጎማ ነው፤ አጠር፣ ጠበብ ያለ። እሱን ለማድረግ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ቸርኬውም፣ ይቀየራል።

ጋሽ ደምሰው ሰፊውን ነው የመረጡት። የሚፈሩት ጭቃውን ነው። ቀጭን ጎማ ጭቃን እንደ ቢላ እየቆረጠ ይሰምጣል፣ ሰፊው ግን እላዩ ላይ ይሄዳል፣ ሆዷንም ከድንጋይ ከፍ ያደርግላታል ብለው አስረዱኝ። አባዬ በጎማው ተስማማ፤ የእሱ ፍርሃት ሌላ ነበር። ወፍጮው ድንጋይ አለው። የወፍጮ ድንጋይ በጉብታ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ወፍጮው የማይፈጭ የብረት አልጋ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው እንዲለሰልስ ከኋላ ከየጎኑ አንዳንድ ብረት ይቀነስ አለ።

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ሙሉጌታ፣ ወፍጮ ነው የምትጭነው ወይስ ሙሽራ?»

«ሙሽራ ብትሰነጠቅ ትድናለች፣ ጋሼ።»

«ትድናለች? አግብተህ ታውቃለህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ረፈደ። እኔ የተፈቱትን ቡሎኖች በየተራቸው ጆንያ ላይ እደረድር ነበር። መጨረሻ ላይ የሁለቱም ሐሳብ ይሁን ተባለ፤ ሰፊው ጎማም ይደረግ፣ ባሌስትራውም ይለስልስ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው። ማንም ያልተሸነፈበት ክርክር ጥሩ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን እጠራጠራለሁ።

ወደ ማታ ኦራሏ በአዲሱ እግሯ ቆመች። ወንድነት ያለው አቋም ነበር። መወጣጫዋ ስለራቀኝ አባዬ ብብቴን ይዞ አነሣኝ። ግቢውን አንድ ዙር ስንዞር ጉድጓዱን ያየሁት እንጂ የተሰማኝ የለም፤ ያ ሽቦ እንኳ ዝም አለ። አባዬ እየደጋገመ «እንደ ጥጥ» ይላል። ጋሽ ደምሰው ግን በባዶ መኪና አልኮራም፣ ዘመሜ ላይ በጭነት ካልሞከርኳት ወፍጮውን አላስነካም አሉ።

ረቡዕ

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ወደ ሾላ አፋፍ የሚወስደው መንገድ ከሞጣ ወደ ግንደወይን መለስ ብሎ ከዋናው ይገነጠላል። ከጋሽ ደምሰው ጋር ሆነን በባዶዋ ዘመሜን ስናልፍ አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ። እኔ በግራ መስኮት ብመለከት ከበታቼ መንገድ የለም፤ የግራር ጫፍ ብቻ። ሾላ አፋፍ ስንደርስ አክስቴ ጥሩወርቅ እየሮጠች መጥታ አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ። ረዝመሻል አለችኝ፤ ጎማው ነው ያረዘመኝ አልኳት።

ችግሩ በዓል መሆኑ ነው። በሚካኤል ሾላ አፋፍ ማንም አያርስም፣ ማንም ጆንያ አይሸከምም፣ አይጭንም። በዚያ ላይ ሰኔ ነው፤ ጎተራው ባዶ፣ የሚጫን እህልም የለ። ጋሽ ደምሰው ደግሞ በማግስቱ ጋራዣቸውን መክፈት ይፈልጋሉ። ተቁነጠነጡ። አክስቴ ትንሽ አሰበችና በዓል ነው ብሎ መኪና መሳፈር የከለከለ የለም፣ ሰውም ክብደት አለው አለች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ሁሉ እዚያው ነበር። ጋሽ ደምሰው ወደ ቄሱ አዩ፤ ቄሱም መሳፈር ሥራ አይደለም ብለው ፈረዱ፣ ራሳቸውም ጋቢና ገቡ። እኔ ቦታዬን ለእሳቸው ለቅቄ ከኋላ ከአክስቴ ጎን ቆምኩ።

እንዲህ ዓይነት ጭነት አይታችሁ አታውቁም። ነጠላ ለብሶ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ልጅ አዝሎ፣ ዳቦ ይዞ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሌላው ቆመ፣ መላወሻ ጠፋ። ጋሽ ደምሰው ወርደው ባሌስትራውን አዩና ከወፍጮው ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም አሉ። ሄድን። ዘመሜ ላይ ኦራሏ ጋደል አለች፣ እልልታው ቀለጠ፣ እሷም ቀስ ብላ አለፈች። ዞራ ተመለሰች። እንደገና አለፈች። አባዬ ከጋቢና ሲወርድ ፊቱ በርቷል። ጋሽ ደምሰው ባሌስትራውን መታ መታ አድርገው ዓርብ ወፍጮውን እንጭናለን አሉ። አክስቴ መሬቱን ሳመች።

እራት ላይ እጅጌዬን ስሰበስብ ቀኝ ክንዴ ላይ ቀይ መስመር አየሁ። ወደ መንደሩ ስንመለስ ከመኪናዋ የላይኛው ሳንቃ ጋር የተጫንኩበት ነው። አክስቴ አይታ ሳቀች፤ እሷም የራሷን አሳየችኝ። ጎረቤቷም አላት። በጭነት መኪና ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህ ማኅተም አለው አሉ፤ መንገዱ ወደ ግራ ሲጋደል ማንም ሳይነግርህ ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለህ። እኔም ስቄ ጉርሻዬን ዋጥኩ። ከዚያ ግን ክንዴን እንደገና አየሁት።

ሁላችንም ወደ ላይኛው ጎን ዘንበል ብለን ነበር። ያ ሁሉ ሰው።

ትልልቅ ሰው በሚበላበት ገበታ ላይ መናገር አልለመድኩም። ቢሆንም አባዬን ቀስ ብዬ፣ «አባዬ፣ ወፍጮውስ ዘንበል ይላል?» አልኩት።

አልገባውም። መኪናዋን ያቀናናት በመዘንበላችን ይሆናል ብዬ በክንዴ እያሳየሁ እንደገና ነገርኩት። ጋሽ ደምሰው ሰምተው ሳቁ። «ችግር የለም፣ ሾላ አፋፍ እስኪደርስ እናስተምረዋለን» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ክንዷን እያሻሸች መሶቡን ታያለች። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ደምሰውም እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ።

«ነገ በድንጋይ እናየዋለን» አሉ።

ሐሙስ

የወፍጮው ቤት ሲሠራ የተረፈ ድንጋይ ከዘመሜ ማዶ፣ በሞጣ በኩል፣ ተከምሮ ነበር። ወንዶቹ በየጆንያው አድርገው ጫኑት፤ ጋሽ ደምሰው ወፍጮው ቁመት ስላለው ድንጋዩም ከፍ ብሎ ይደርደር ብለው አስደረደሩና በመጫኛ አሰሩት። አባዬ ሊነዳ ሲል ጋሽ ደምሰው ቀደሙት። ባሌስትራውን የፈታሁት እኔ ነኝ ብለው ብቻቸውን ገቡ። እኛ ከላይኛው ጎን ቆምን። ከኋላ ሳንቃው ላይ ረጅም መጫኛ ታስሮ ጫፉን ወንዶቹ ያዙ።

ኦራሏ ወደ ተጋደለው ቦታ ገባች። እልል የሚል የለም። የግራ ባሌስትራዋ ተለጠጠና ቀስቱ ጠፋ፣ ዝርግ ሆነ። ድንጋዩ ጆንያ ውስጥ ተንገጫገጨና ወደ ግራ ጠጋ፤ እሷም ተከትላው ጋደለች። የቀኝ የኋላ ጎማዋ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ሲወርድ አየሁ፣ ከዚያ በጎማውና በመሬቱ መሐል ብርሃን አየሁ። ጋሽ ደምሰው ፍሬን ያዙ። ወንዶቹ መጫኛውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ወደ ኋላ ተኙ። አባዬ ከመኪናዋ ፊት ሆኖ በእጁ እያሳየ፣ በጣም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ወጣች።

ጋሽ ደምሰው ወርደው ጎማውን በመዳፋቸው መቱት። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ።

«እኔ ጭቃውን ፈራሁ፣ አንተ ድንጋዩን ፈራህ። ገደሉን የፈራ የለም።»

አክስቴ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ነበር። ከዚያ የወፍጮው ቤት ጣሪያ ይታያል፤ አዲስ ቆርቆሮ ስለሆነ ያበራል። አባዬ አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ። ጎማው ቢያጥር፣ የተቀነሰው ብረት ቢመለስ ኦራሏ ዝቅ ብላ ትቆማለች፣ ገደሉን አትፈራም፤ ግን ደረቅ ትሆናለች፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል እያለ ሲያስረዳት ሰማሁ። እሷ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው።

«ወንድምዓለም፣ መኪናዋን ለገደሉ አድርጋት። ድንጋዩን ለእኔ ተወው። ጭድ አነጥፍለታለሁ።»

«በሰኔ?»

ከተማ ላላችሁት ይህን ላስረዳ። ጭድ በጥር ክምር ነው፤ ማንም ይተኛበታል። በሰኔ ግን አልቋል፣ ሣሩም ገና አልበቀለም፤ በሬው ደግሞ የሚያርሰው አሁን ነው። በሰኔ ጭድ ስጡኝ ማለት ከበሬው አፍ ንጠቁልኝ ማለት ነው። አክስቴ ተነሥታ ቤት ለቤት ሄደች። አብሬያት ሄድኩ። አንዷ አቅፋ ሰጠች፣ አንዷ በእንቅብ፣ አንዲት ባልቴት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ። ጭድ የለንም ያለ አልነበረም፤ «መልሺልን» ያሉ ግን ብዙ ናቸው። ወንዶቹ በበኩላቸው ከጆንያ ያራገፉትን ድንጋይ ጭቃው በሚከፋበት ቦታ ሊነጥፉት ተስማሙ። ድንጋዩ ሥራ አላጣም ማለት ነው፤ ቤት ሆነ፣ ጭነት ሆነ፣ አሁን መንገድ።

እኛ ሞጣ ተመለስን። ተራው ጎማ ገባ፣ ቸርኬው ተቀየረ፣ ብረቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የደረደርኳቸውን ቡሎኖች ለጋሽ ደምሰው አንድ በአንድ አቀበልኳቸው። እሳቸው ስለ ትናንቱ ሳቅ ምንም አላነሡም። ሥራው ሲያልቅ ግን ከራሳቸው ቀድመው ለእኔ ሻይ አዘዙልኝ።

ዓርብ

ወፍጮው ሲጫን ነጋዴው ራሱ መጥቶ ቆሞ አየ፤ ትወስዱታላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም አለ። አክስቴ ከሾላ አፋፍ በአህያ ያመጣችውን ጭድ በጆንያ በጆንያ አድርጋ ከሥር፣ ከጎን፣ በሁለቱ ድንጋዮች መሐል ወተፈችው። ድንጋዮቹ ተኝተው እንዲሄዱ፣ ሞተሩ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ እንዲታሰር ተደረገ። ጋሽ ደምሰው አስተሳሰሩን ሲያዩ፣ «ለመኪናዋ ብረት፣ ለድንጋዩ ጭድ» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው።

መንገዱ ላይ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። እንደ ጥጥ የሚባለው ነገር ቀርቷል። ሽቦው ተመልሷል፣ ጥርሴም እርስ በርሱ ይጋጫል። ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ አባዬ እሱን እያየ ነዳ። ዘመሜ ስንደርስ ከአባዬ በቀር ሁላችንም ወረድን፤ የሾላ አፋፍ ሰው ከመንገዱ በላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። በድንጋይ የተነጠፈው ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ሰመጠና ያዘ። ኦራሏ ጋደል አለች፤ ከዚያ ግን ቆመች፣ አልጨመረችም። ባሌስትራው ቀስቱን እንደያዘ ነው። እንደዚያ ሆና፣ እንደ ሽማግሌ እርምጃ፣ ትሄዳለች።

ጎን ጎኗን እየተራመድን ነበር። ዘወር ብዬ ሰዉን ሳይ ማመን አቃተኝ። በእግሩ የሚሄደው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። አክስቴ ዘንበል ብላለች። ቄሱ ዘንበል ብለዋል። ጋሽ ደምሰው እንኳ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት ይዘው፣ አንገታቸው ተጋድሏል። መኪናዋ ላይ ማንም የለም እኮ። ቀና ስል ራሴንም ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

አለፈች።

እልልታው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሰዉ መጀመሪያ ቀጥ ማለት ነበረበት። ወፍጮው ሥፍራው ደርሶ ሲወርድ አክስቴ ድንጋዮቹን ዙሪያቸውን በጣቷ ዳሰሰች። አንድም ጭረት አልነበረም። ከዚያ ጭዱን አራግፋ፣ የእያንዳንዱን ቤት ድርሻ ለይታ፣ ሳይመሽ መለሰች። ዘይት ጠብ ያለበትን ለራሷ በሬ ወሰደች። በሬው ግን አልበላም ብሎ አሳቃት።

ቅዳሜ

ከሞጣ ስንመለስ አባዬ ከጋራዡ የወሰዳቸው ጥሩ ሳንቃዎች ኋላ ላይ ነበሩ። ግንደወይንን አልፈን በራቸውን ያወለቁልን እናት ቤት ቆምን። በሩ በገመድ ታስሮ ተደግፏል። ጅቡ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ መጥቶ ነበር፣ በሩ ክፍት መስሎት አፍሮ ተመለሰ አሉኝ። አባዬና አንድ ጎረቤታቸው በሩን ሲጠግኑ እኔ ወፍጮው መግባቱን ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝና የእሳቸው በርም ድርሻ እንዳለው አስታወሱኝ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ቢቸና ስንገባ የባጃጅ ሹፌሮቹ ኦራሏ አጠረች ብለው ሳቁ። አባዬ ፈገግ ብሎ አለፋቸው። እናቴ ቀኝ ክንዴን አይታ ማን ነካሽ አለችኝ። ዘመሜ አልኳት።

አሁን ወደ መልእክቱ። ስንለያይ አክስቴ እንዲህ ብላኛለች፦ «ኅዳር ሚካኤል ወፍጮውን እናስመርቃለን። ለቢቸና ሰው ንገሪ። ያነበበ ሁሉ ይምጣ፤ የሚፈጭ ያለው ይዞ፣ የሌለው አፉን ይዞ።» እኔም ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። በኅዳር መንገዱ ደረቅ ነው፣ አዲሱ እህልም ይደርሳል። ኦራሏ ከገበያው በር በማለዳ ትነሣለች፤ አባዬም ቦታ አለ ብሏል። ጋቢናው ለሽማግሌዎች ነው፤ እኔም ከኋላ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ዘመሜ ስንደርስ ወደ ቀኝ ዘንበል ማለት አያስፈልግም፤ አሁን ኦራሏ ብቻዋን ትችለዋለች። ይህን ለራሴም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ቢሆንም እጅጌያችሁ ረዘም ያለ ልብስ ልበሱ።